የሚካ ዱቄት ከካርዱ ላይ ለምን ይረግፋል?

ጥያቄ፦ «የሰርግ መጥሪያ ካርድ በእጄ እየሠራሁ እሸጣለሁ። እህቴ ከአሜሪካ ሁለት ዓይነት የሚካ ዱቄት ላከችልኝ። አንዱ ብልቃጥ ፐርፌክት ፐርልስ፣ ሌላው ፐርል ኤክስ ይላል። በጥቁር ካርድ ላይ በጎማ ማህተም አበባ አትሜ ዱቄቱን በብሩሽ አለበስኩት። የተለየ የማህተም ቀለም ስላጣሁ ፓዱን በግሊሰሪን ነበር ያራስኩት። ሲያዩት ልብ ይሰርቃል። በማግስቱ ግን በጣት ሲነካ ይለቃል። ቪዲዮ ላይ እንዳየሁት ውሃ ነፋሁበት፤ ጥቂቱ ያዘ፣ አብዛኛው አልያዘም። በፀጉር ማድረቂያ አሞቅኩት፣ አልቀለጠም። ፀጉር ስፕሬይ ነፋሁበት፣ ደበዘዘ። 60 ካርድ ሠርቻለሁ፣ 250 ይቀረኛል። ዱቄቱ ተበላሽቶ ነው ወይስ ፎርጅድ ነው? የተረፈውንስ ኬክ ላይ መነስነስ ይቻላል?»

ምላሽ፦ ዱቄቱ አልተበላሸም። ፎርጅድም አይደለም። የማይችለውን ነገር ነው የጠየቅሽው። ሚካ ያበራል እንጂ አይጣበቅም። አይቀልጥም፣ አይደርቅም፣ ወረቀት ውስጥም አይሰርግም። ካርድ ላይ የሚያቆየው ከሥሩ ወይም ከውስጡ ያለ ሌላ ነገር ነው፤ እሱም ማጣበቂያው ነው። አንቺ ከሥሩ ያደረግሽው ግሊሰሪን ነው። ግሊሰሪን ደግሞ አይደርቅም። የኬኩን ጥያቄ ከአሁኑ ልመልሰው፦ አይቻልም። ምክንያቱን ወደ ታች እነግርሻለሁ።

ሚካ ድንጋይ ነው። የድሮ ካውያ ሲበላሽ ፈትቶ ያየ ሰው ያውቀዋል። የሚግለው ሽቦ የተጠመጠመበት ስስ፣ ብርጭቆ የሚመስል፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በየንብርብሩ የሚላጥ ነገር አለ። እሱ ነው ሚካ። ካውያ ውስጥ የገባበት ምክንያት ሙቀት ስለማይበግረውና ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ነው። ወንዝ ዳር አሸዋ ውስጥ እያብለጨለጨ ልጆችን «ወርቅ አገኘን» የሚያሰኘውም አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ብልቃጥሽ ውስጥ ያለው ይኸው ድንጋይ ደቅቆ ነው። እያንዳንዱ ቅንጣት ጠፍጣፋ ነው። በላዩ ላይ እጅግ ስስ የሆነ የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ወይም የብረት ኦክሳይድ ሽፋን ተለብጧል።

ቀለሙ የሚመጣው ከዚህ ሽፋን ነው። ዝናብ የመታው አስፋልት ላይ ነዳጅ ጠብ ሲል የሚታየውን ኅብር አስቢው። ነዳጁ ቀስተ ደመና የሚሆነው ቀለም ኖሮት ሳይሆን ስስ ስለሆነ ነው። የታይታኒየሙም ሽፋን እንደዚያው ነው። ውፍረቱ 50 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን ብርማ ነጭ ይሰጣል። 70 ገደማ ሲደርስ ወርቃማ፣ 90 ገደማ ቀይ፣ 120 ገደማ ሰማያዊ ይሆናል፤ ከዚያ ሲወፍር ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። የመዳብና የነሐስ መልክ ያላቸው ዱቄቶች ግን ይለያሉ። እነሱ የተለበጡት በብረት ኦክሳይድ ስለሆነ የራሳቸው ቀለም አላቸው።

ይህን ያህል የዘረዘርኩት ሥራሽ ላይ በቀጥታ ስለሚገባ ነው። ቅንጣቶቹ እንደ ትንንሽ መስታወት ናቸው። መስታወት ደግሞ የሚያበራው ተዘርግቶ ሲተኛ ነው። ዱቄቱን ከምረሽ ካፈሰስሽው መስታወቶቹ በየአቅጣጫው ይቆማሉ፤ ካርዱ ኖራ የተነሰነሰበት ይመስላል። ለስላሳ ብሩሽ ጫፍ ላይ ጥቂት አንስተሽ፣ በስሱ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ እያሻሸሽ ብትዘረጊው ግን ያው ዱቄት እንደ ሐር ይተኛል። ብዙ ማድረግ ውበቱን ይቀንሰዋል፤ እንዳይዝም ያደርገዋል። ከላይ ያለው ንብርብር የሚነካው ከሥሩ ያለውን ዱቄት እንጂ ማጣበቂያውን አይደለምና። ጣትሽ ላይ ከለቀቀው የተወሰነው ይህ ነው።

አሁን ወደ ማጣበቂያው። ብራና ላይ ይጽፉ የነበሩ ጸሐፊዎቻችንን አስቢያቸው። ጥቁሩን ቀለም የሚሠሩት ከጥላሸት ነበር። ጥላሸት ብቻውን ብራና ላይ ቢደረግ በነፋስ ይሄዳል። ያቆየው ሙጫ ነው። ሚካም ልክ እንደ ጥላሸቱ ነው፤ መልክ ይሰጣል፣ መያዝ ግን አያውቅም። የሚካ ሥራ ላይ የሚበላሸው ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል እዚህ ጋ ነው የሚበላሸው። ሰው ለዱቄቱ ቀለም ሲጨነቅ ይውላል፤ ምን እንደሚይዘው አይጠይቅም።

ሁለቱ ብልቃጦችሽ የሚለያዩትም በዚህ ነው። ፐርፌክት ፐርልስ ውስጥ ከሚካው ጋር ማጣበቂያ ሙጫ በዱቄት መልክ ተቀላቅሏል። ውሃ ሲነካው ሙጫው ይነቃል፣ ሲደርቅ ይይዛል። ፐርል ኤክስ ግን ሚካው ብቻ ነው። ማጣበቂያ የለበትም፤ አንቺ እንድትጨምሪበት ታስቦ የተሠራ ነው። ስለዚህ ውሃ ስትነፊ «ጥቂቱ ያዘ» ያልሽው የመጀመሪያው ብልቃጥ ነው። ሌላው የማይዘው ጉድለት ኖሮበት አይደለም። ማጣበቂያ የሌለበትን ዱቄት ቀኑን ሙሉ ውሃ ብትነፊበት ለውጥ የለውም። ሁለቱም ጥሩ ዕቃዎች ናቸው። ሥራቸው ግን አንድ አይደለም፤ ከእንግዲህ ብልቃጦቹን አታቀላቅያቸው።

ግሊሰሪኑን መጠቀምሽ ብልህነት ነው። ቤት ውስጥ ለፀጉርና ለቆዳ የማይጠፋ ነገር ነው፤ ማህተም ላይ ሲቀባም ዱቄት በደንብ ይስባል። ለሚካ ማተሚያ ተብለው የሚሸጡት እንደ ቨርሳማርክ ያሉ ቀለም አልባ ፓዶችም ጥቅማቸው ቶሎ አለመድረቃቸው ነው። ተራው የቢሮ ማህተም ቀለም እዚህ የማይሠራው ወዲያው ወረቀቱ ውስጥ ስለሚሰርግ ነው፤ ዱቄቱ የሚይዘው እርጥብ ነገር አያገኝም። የግሊሰሪን ችግር ጭራሽ አለመድረቁ ነው። እንዲያውም ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። በክረምት የባሰ ነው። ስለዚህ ግሊሰሪን ለጊዜው ዱቄት የሚይዝ እጅ ነው እንጂ ሙጫ አይደለም። ከላዩ በሙቀት የሚቀልጥ ነገር ካልመጣበት ዛሬም ነገም ይለቃል።

ፀጉር ማድረቂያውን በተመለከተ ሁለት ስህተት ተደርቧል። አንደኛው፣ ሚካ አይቀልጥም። ካውያ ውስጥ ሲግል የሚኖር ድንጋይ በፀጉር ማድረቂያ ሊቀልጥ አይችልም። ቪዲዮ ላይ ሲቀልጥ የሚታየው ሌላ ዱቄት ነው፤ ኢምቦሲንግ ዱቄት ይባላል። እሱ የደቀቀ ፕላስቲክ መሰል ሙጫ ነው። ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ከወረቀቱ ጋር ተጣብቆ ከፍ ብሎ ይቀራል። ሁለቱም በትንንሽ ብልቃጥ ስለሚሸጡና ሁለቱም ስለሚያብለጨልጩ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ሁለተኛው፣ ኢምቦሲንግ ዱቄት ቢሆንም እንኳ ፀጉር ማድረቂያ አይበቃውም። ሙቀቱ ትንሽ፣ ነፋሱ ብዙ ነው። ዱቄቱን ሳያቀልጠው ይበትነዋል። የሚያስፈልገው ሂት ጋን የሚባለው ነው፤ ነፋሱ ቀጭን፣ ሙቀቱ ከፍተኛ። ለእደ ጥበብ የሚሸጠው ትንሹ ይበቃል። ግድግዳ ላይ ያለ ቀለም ለመፋቅ የሚያገለግለው ትልቁ ካርድሽን ያሳርረዋል።

ፀጉር ስፕሬይ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም። የሚተወው ስስ ሽፋን ውሃ ሲነካው ይለሰልሳል፣ ሲቆይ ወደ ቢጫ ሊሄድ ይችላል፣ የሚካውንም ብርሃን ይሸፍናል። በቅርብ ከነፋሽው ደግሞ ግፊቱ ዱቄቱን ከቦታው ያነሳዋል። ከሁሉ በላይ ግን ተቀጣጣይ ነው። ስፕሬይ የነካውን ካርድ ሂት ጋን ሥር እንዳታቀርቢ። በዚህ አደራ።

እንግዲህ ምርጫዎችሽ። የመጀመሪያው ማጣበቂያ ያለበትን ዱቄት በቀለም አልባ ፓድ ታትሞ ገና ባልደረቀ ማህተም ላይ ማልበስ፣ ትርፉን ማንሳት፣ ከዚያ ከሩቅ የውሃ ጭጋግ ብቻ ማድረግ ነው። ቆንጆ፣ ለስላሳ፣ ከወረቀቱ ከፍ የማይል ሥራ ይወጣዋል። ግን መታሸት አይችልም ማለት ይቻላል። በፍሬም ለሚሰቀል ነገር ወይም ለአንድ ሰው ለሚሰጥ ካርድ እወደዋለሁ። ፖስታ ውስጥ ገብቶ፣ በሽማግሌ ኪስ ዞሮ፣ በአምስት ሰው እጅ ለሚያልፍ መጥሪያ አልመርጠውም። ሁለተኛው ሚካውን ከግልጽ ኢምቦሲንግ ዱቄት ጋር ቀላቅሎ ማቅለጥ ነው። ሦስተኛው በሙጫ በጥብጦ እንደ ውሃ ቀለም በብሩሽ መቀባት ነው። ለማህተም አይሆንም፣ ለእጅ ሥዕልና ለፊደል ግን ወደር የለውም። ነጩ ኮላም ሚካ ይይዛል፣ ሲደርቅም ግልጽ ነው። ማህተም ላይ ግን በጭራሽ እንዳትቀቢው፤ የጎማው ቅርጽ ውስጥ ደርቆ ማህተምሽን ይገድለዋል። ለካርድ ጠርዝ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ለጥፈሽ፣ ላዩን ልጠሽ፣ ሚካ ብታሻሺበት ደግሞ እንደ ጥልፍ ጥለት የሚያምር መስመር ይወጣል። ቀላል ነው፤ ልጅ ይሠራዋል።

ለቀሩት 250 ካርዶች ሁለተኛውን ያዢ። ሌላ አማራጭ አላማርጥሽም። የሚካው መስታወቶች በቀለጠው ሙጫ ውስጥ ይቀበራሉ። ከዚያ በኋላ ጣት የሚነካው ሙጫውን እንጂ ዱቄቱን አይደለም። ያለሽ ግሊሰሪንም ለዚህ ዘዴ ያገለግላል፤ ስለዚህ መግዛት ያለብሽ ግልጽ ኢምቦሲንግ ዱቄትና ሂት ጋን ብቻ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማጣበቂያ ከሌለበት ሚካ አንድ ማንኪያ፣ ከግልጽ ኢምቦሲንግ ዱቄት አራት ማንኪያ አድርጊ። ክዳን ባለው ብልቃጥ ውስጥ ቀስ ብለሽ አገላብጪው። እኔ ከዚህ መጠን እጀምራለሁ፤ የበለጠ ብርሃን ስፈልግ አንድ ለሦስት አደርጋለሁ። ከዚያ በላይ ሚካ ከበዛ ሙጫው አይበቃውም፤ ሲሞቅም ሻካራና ኖራ መሰል ሆኖ ይቀራል። ያኔ ሰው «ሂት ጋኑ ደካማ ነው» ብሎ ሲያሞቅ ሲያሞቅ ወረቀቱን ያሳርረዋል።

ካርዱን መጀመሪያ በደረቁ አዘጋጂው። ትንሽ የሕፃን ፓውደር በጨርቅ ቋጥረሽ ወረቀቱን መታ መታ አድርጊው፤ ከዚያ በደረቅ ብሩሽ ጥረጊው። ይህን የምናደርገው ኢምቦሲንግ ዱቄቱ በማይፈለግበት ቦታ እንዳይጣበቅ ነው። እጅሽም ቅባት የሌለበት ይሁን። ሚካ ቅባት ይወዳል። ፀጉሬን ተቀብቼ በሠራሁበት ቀን የጥቁር ካርዴ ጥግ ላይ የአውራ ጣቴ አሻራ እያንዳንዱ መስመር ሳይቀር በወርቅ ታትሞ አግኝቼዋለሁ። ውበቱ ውበት ነው፤ ካርዱ ግን አይሸጥም። ከዚያ ወዲህ በጓንት ወይም በንጹሕ ወረቀት ነው የምይዘው።

ግሊሰሪኑን እንዳለ አትጠቀሚ። ከትንሽ ውሃ ጋር አቅጥነሽ አዲስ ፓድ ወይም ደቃቅ ስፖንጅ ላይ በስሱ አስርጊው። ሲጫኑት ውሃ ማዘል የለበትም። ማህተሙን አንዴ ቀጥ አድርገሽ ጫኚ፣ ቀጥ አድርገሽ አንሺ። ወዲያው ቅልቅሉን አፍስሺበት፣ ካርዱን አዘንብለሽ ከሥሩ መታ አድርጊው። ትርፉ በታጠፈ ወረቀት ላይ ይውረድ፣ ወደ ብልቃጡ ይመለስ። አበባው ዙሪያ የቀሩትን ቅንጣቶች በቀጭን ደረቅ ብሩሽ አንሺያቸው። በአፍሽ «እፍ» አትበዪ። ትንፋሽ እርጥበት አለው፤ ዱቄቱን ያጣብቀዋል። ቀጥሎ ስትተነፍሺ ደግሞ ወደ ሳንባሽ ነው የሚገባው።

አሁን ሂት ጋኑን ካርዱ ላይ ሳታነጣጥሪ አስነሺውና ለጥቂት ሰከንድ ይሙቅ። ከዚያ ከአንድ ጥግ ጀምረሽ ከአራት ጣት ስፋት ያላነሰ ርቀት ላይ ያዢው። ዓይንሽን ከአበባው አታንሺ። መጀመሪያ ዱቄቱ ስኳር እንደተነሰነሰበት ሆኖ ይቆያል። ከዚያ ድንገት ከጠርዙ በኩል ይረጥባል፤ እንደ ቅቤ ይለሰልስና አንድ ሆኖ ይተኛል። ብርሃኑም ያኔ ከውስጥ ይወጣል። ያ የረጠበ መልክ እንደታየ ወደሚቀጥለው ቦታ ሂጂ። ብትቆዪበት ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ይሰርግና አበባው ዘይት የነካው ይመስላል። መመለሻ የለውም። ሲያልቅ አንድ ደቂቃ ሳትነኪው ይቀዝቅዝ።

በክረምት የምትሠሪ ከሆነ ወረቀቱ እርጥበት ይዞ ይጠብቅሻል። ስታሞቂው ይጣመማል። ከማተምሽ በፊት ባዶውን ካርድ በሂት ጋኑ ጥቂት አሙቂው፤ ከሥራው በኋላም ገና ሞቅ እንዳለ በከባድ መጽሐፍ ሥር አሳድሪው። ቀጭን ወረቀት አይሆንም። በካሬ ሜትር 220 ግራምና ከዚያ በላይ የሆነ ካርቶን ምረጪ።

ጽሑፉን የምታሳትሚው በሌዘር ፕሪንተር ከሆነ ቅደም ተከተሉን አትሳቺ። ጽሑፉ በፊት፣ ማህተሙ በኋላ። የሌዘር ፕሪንተር ቀለሙን ወረቀት ላይ የሚያስይዘው በከፍተኛ ሙቀት ነው። ኢምቦስ የተደረገ ካርድ ውስጡ ከገባ አበባሽ እንደገና ይቀልጥና ሮለሩ ላይ ይጣበቃል። ካርዱም ፕሪንተሩም ይበላሻል። ጽሑፉ ቀድሞ ታትሞ ከሆነ ደግሞ ሂት ጋኑን ከፊደሉ አርቂው፤ የሌዘር ቀለም ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ያገኘውንም ዱቄት ይይዛል። ከማተሚያ ቤት ትኩስ የመጣ ሥራ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አሳድሪው። አለበለዚያ የሙሽሮቹ ስም ሳታስቢው በሚካ ተለብጦ ታገኚዋለሽ።

ጥቁር ካርድ መምረጥሽ ትክክል ነው። ኅብር የሚሰጡት ዱቄቶች፣ ማለትም ብልቃጥ ውስጥ ነጭ መስለው ሲያዘነብሏቸው ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ የሚያበሩት፣ ነጭ ወረቀት ላይ ይጠፋሉ። ከወረቀቱ የሚመለሰው ነጭ ብርሃን ይውጣቸዋል። ጥቁር ላይ ግን ያ ብርሃን ስለሚዋጥ የሚካው ነጸብራቅ ብቻውን ይወጣል። ደንበኛሽ ነጭ ካርድ ካለች ወርቃማውን፣ መዳብማውን ወይም ነሐሱን አቅርቢላት። የብረት ኦክሳይድ ያለበት ለነጭም ያገለግላል።

ዱቄቱ ሲያልቅ ቀለም ቤት ገብተሽ «የወርቅ ዱቄት» የተባለውን ሁሉ እንዳትገዢ። ብዙ ጊዜ የደቀቀ ናስ ነው፤ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ። መጀመሪያ ከሚካ የበለጠ ያብረቀርቃል። ከጊዜ በኋላ ግን አየርና እርጥበት ሲነካው ይጠቁራል፣ ወይም አረንጓዴ ያወጣል። ሚካ እንዲህ አያደርግም። ለመለየት ቀላል ነው። ናስ በእጅ ሲይዙት ለመጠኑ ይከብዳል። ቁንጥር ወስደሽ አቼቶ ውስጥ ብታሳድሪው አቼቶው ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ይለወጣል። ተራ ወርቃማ ሚካ ውስጥ መዳብ ስለሌለ እንዲህ አይቀየርም። ሌላም ነገር አለ። በሕንድ በጃርካንድና በቢሃር ሚካ ከመሬት የሚለቅሙት ሰዎች መካከል ብዙ ሕፃናት አሉ። ይህ ያሳስበኛል። «ሲንተቲክ ሚካ» የሚል ያገኘሽ እንደሆነ እሱን ግዢ። በፋብሪካ የሚሠራ ነው፣ ከማዕድን አይወጣም፣ ብርሃኑም የጠራ ነው።

ስለ ሦስተኛው መንገድ ትንሽ ልጨምር፤ የእኛ አገር ዕቃ ስለሆነ። የግራር ሙጫ በዓለም ያሉ የውሃ ቀለም ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ነው። በአገራችንም በቦረናና በአካባቢው ይለቀማል። አንድ እጅ ሙጫ በሁለት እጅ ሙቅ ውሃ ዘፍዝፈሽ አሳድሪው፤ ጠዋት በነጠላ ጨርቅ አጥልይው። ስትገዢ ከዕጣንና ከከርቤ ለይው። የግራር ሙጫ ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይሟሟል፤ ዕጣንና ከርቤ ግን ውሃውን ወተት ያስመስሉታል። ከዚህ ሙጫ ላይ በትንሽ በትንሹ ከሚካው ጋር እንደ ወፍራም ክሬም እስኪሆን አሺው። እንዳይሰነጠቅ ጠብታ ማር ጨምሪ። ማር ከበዛ ግን አይደርቅም። እንዳይሻግት አንድ ፍሬ ቅርንፉድ ብልቃጡ ውስጥ ጣል ማድረግ ይረዳል። ትንሽ ክዳን ላይ አድርጊና ይድረቅ። ስትፈልጊ በእርጥብ ብሩሽ ትቀሰቅሺዋለሽ። ልጆች ለእንቁጣጣሽ የሚያዞሩትን የአበባ ሥዕል በዚህ ቢሠሩት እንዴት ያለ ነገር ይወጣቸው ነበር! ለልጅ ይህ ብቻ ነው የሚሰጠው። ደረቁ ዱቄት ለልጅ አይደለም።

ምክንያቱ ትንፋሽ ነው። ሚካ መርዝ አይደለም፤ ቅንጣቱ ግን እጅግ ደቃቅ ነው። ለዓመታት የሚካ አቧራ ሲተነፍሱ የኖሩ ሠራተኞች ሳንባቸው ጠባሳ እስከማውጣት ይደርሳል። አንቺ እንደነሱ በየቀኑ አቧራ ውስጥ አትውዪም። 250 ካርድ ግን ቀላል ሥራ አይደለም፤ ይህ መተዳደሪያሽ ከሆነ ደግሞ ከዚህ በኋላም ይመጣል። አፍና አፍንጫን ገጥሞ የሚይዝ የአቧራ ማስክ አድርጊ፤ ኤን 95 የሚባለው ዓይነት ይሁን። ደረቁን ዱቄት ስትይዢ ቬንትሌተር ይጥፋ። ስትጨርሺ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ እንጂ በመጥረጊያ አታቡኚው። አስም ያለበት ሰው ወይም ጨቅላ ሕፃን ባለበት ክፍል አትሥሪ። ሂት ጋኑ ሲነሳ ግን መስኮት ክፈቺ፤ የሚቀልጠው ሙጫ ሽታ አለው።

ኬኩ። ብልቃጡ ላይ «መርዛማ አይደለም» የሚል ጽሑፍ ካየሽ «ይበላል» ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት 6 ልጆች የልደት ኬክ በልተው ታመሙ። ኬኩ የተጌጠበት የሚያብለጨልጭ ዱቄት ሲመረመር ከፍተኛ መጠን ያለው መዳብ ተገኘበት። በ2019 ደግሞ በሚዙሪ ግዛት በአንድ የአንድ ዓመት ሕፃን ደም ውስጥ ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት ተገኘ፤ ለልደት ኬኩ ማስጌጫ የተነሰነሰውም ዱቄት ሊድ ነበረበት። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል ሁለቱንም በ2021 ይፋ አድርጓል። ለኬክ የሚሆነው «ለምግብ» ተብሎ የተሠራና የያዛቸው ነገሮች ዝርዝር የተጻፈበት ብቻ ነው። ዝርዝር የሌለው ዱቄት አፍ አካባቢ አይድረስ። የካርድሽን ብሩሽም ለኬክ አታውሺ።

የተሠሩት 60 ካርዶች ይቀራሉ። ስፕሬይ ያልነካቸውን በሰፊ ለስላሳ ብሩሽ ቀስ እያልሽ ትርፉን ዱቄት አንሺላቸው። ከዚያ የሠዓሊዎች ፊክሳቲቭ፣ ማለትም ሥዕል እንዳይረግፍ የሚነፋበትን ስፕሬይ፣ ፈልገሽ፣ ክፍት ቦታ ላይ፣ ከ30 ሴንቲሜትር ርቀት፣ በጣም ስስ አድርገሽ ንፊ። ይድረቅ። እንደገና አንዴ ድገሚው። ብርሃኑን ትንሽ ይቀንሰዋል፤ ይህን ማስቀረት አይቻልም። ግሊሰሪኑም ከሥሩ ስላለ ኢምቦስ የተደረገውን ያህል አይጠነክርም። ስለዚህ በየካርዱ መሃል ሳሳ ያለ ወረቀት አድርገሽ አሽጊያቸው፤ ከቻልሽም በእጅ ለሚሰጡ ቅርብ ዘመዶች ይሁኑ። ስፕሬይ ነክቷቸው የደበዘዙትን ግን እንደገና ሥሪያቸው። በገንዘብ የምትሸጪው ሥራ ነው፤ የሰው ሰርግ ነው።

250ውን ከመጀመርሽ በፊት አምስት ካርድ ብቻ ሥሪ። ፖስታ ውስጥ ክተቻቸውና ቦርሳሽ ውስጥ ሁለት ቀን ይዙሩ፤ ከቁልፍሽና ከስልክሽ ጋር ይጋጩ። በሦስተኛው ቀን አውጥተሽ አበባውን በነጭ ሶፍት ጫን እያልሽ እሺው። ሶፍቱ ላይ ብልጭታ ካየሽ ወይ ሚካው በዝቷል፣ ወይ ሙቀቱ አንሷል። ቅልቅሉ ላይ አንድ ማንኪያ ግልጽ ዱቄት ጨምረሽ ድገሚው። ሶፍቱ ነጭ ሆኖ ከወጣ የቀረውን መጀመር ትችያለሽ።